ፍራሽ ሻጩና ግንበኛው በዜና ክፍል

ጥቅምት 8

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ውሸት ሆነብኝ፤ ዘንድሮ እንቅልፍም ጎድሎብኛል።

የዜና ክፍላችን የድሮ አለቃ ጡረታ ወጡ። እርስዎ እንደሚያውቁት እዚህ ራዲዮ ጣቢያ የገባሁት በልጅነቴ ነው፤ ጸጉሬ የሸበተው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የሰው ዜና ሳቃና ነው። ወንበሩ የእኔ ነው ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ቀድማ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ጠረጴዛዬን እንደ መስታወት ወልውላልኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን የጣቢያው ባለቤት የሚስቱን ወንድም ይዞ መጣ። ሰውየው እስከ ቅዳሜ ድረስ የፍራሽ መደብር ኃላፊ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ የዜና ኃላፊ ሆነ። እኛ ከጀርባው «ፍራሹ» እንለዋለን።

በመጀመሪያው ቀን ሰበሰበን። ሥራችን የተንዛዛ መሆኑን እንዳስተዋለ ነገረንና የምሽቱን ዜና ለምን ጠዋት ጨርሰን እንደማንገላገል ጠየቀ። ጨዋታ የማያልቅበት አንድ ድምፅ ቀራጭ አለን፤ እሱ ነው የመለሰለት።

«ጌታዬ፣ ገና አልሆነማ።»

ፍራሹ ራሱን ነቀነቀና በጥሞና ጻፈው።

ይህስ ይሁን። እኛ ቤት አንድ መሳቢያ አለ። የታወቁ አረጋውያንን የሕይወት ታሪክ በሕይወት እያሉ ጽፈን እዚያ እናስቀምጣለን፤ ቀኑ ሲደርስ እንዳንሯሯጥ ነው። የትኛውም የዜና ክፍል እንዲህ ያደርጋል። ፍራሹ መሳቢያውን ከፍቶ የአንድ ትልቅ ዘፋኝ ታሪክ አገኘ። «ተወለዱ፣ አደጉ፣ ዘፈኑ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ይላል። እውነት የሞተ መሰለው። ለማንም ሳይናገር ቤተሰቡን ለማጽናናት ደወለ። ስልኩን ያነሳው ሟቹ ራሱ ነው። ዘፋኙም የዋዛ አይደለም፣ መቼ እንደሞተ ጠየቀው። ፍራሹ ወረቀቱን አገላብጦ «ቀኑ ክፍት ነው» አለው።

እንዳይስቁ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ ለመጠየቅ የተላክሁት።

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የመልቀቂያ ወረቀቴን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀበለኛል እያልኩ ነው እንጂ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ባረፈ ነበር። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከተቋራጭ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ግንበኛ ነዎት። ምን ላድርግ? ስልክ አልይዝም ብለው እንደ ድንጋይ ስለደረቁብኝ መልስዎን በፖስታ እጠብቃለሁ። የጠየቁኝን መነጽር ልኬያለሁ። ሌላ የሚያስፈልግዎት ካለ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ በርሽን ያንኳኳ። እኔ አለሁ። ወገቤም አለ፣ ጉልበቴም አለ፤ እርስ በርስ አይስማሙም እንጂ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ሳለች ደብዳቤ የእሷ ሥራ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ልጻፍልዎ ቢለኝ እጅ ያጣሁ መሰለህ ወይ አልኩት። ፊደሌ ጠማማ ከሆነ አንቺ አንገትሽን አዘንብለሽ አንብቢው። መነጽሩ ደርሷል። ፊደሉን አገዘፈው እንጂ ፍቺውን አልጨመረልኝም። ለማንኛውም ተባረኪ።

ወደ ነገርሽ ልግባ። አንገትሽን እንዳትደፊ። እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ተቋራጩ የወንድሙን ልጅ በላያችን ሾመው። ከረባት ያሠረ፣ ሲሚንቶና አመድ የማይለይ። ምሰሶው ሳይደርቅ ጣራውን ኮንክሪት ሙሉ አለን። እኛ ምን አደረግን? አልጮህን፣ አልተሳደብን። የግንበኛ ማንኪያችንን አጥበን፣ አስቀምጠን፣ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እስቲ አንተ ሙላው አልነው። ያ ልጅ በማግስቱ ወደ አባቱ ሱቅ ተመለሰ። አንቺም እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። አታርሚለት። አትደግፊው። ይውደቅና ይማር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው። ያም ካልሆነ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስቀምጠሽ ውጪ። የማያውቅ ሰው በሚያውቅ ሰው ላይ አለቃ ከሚሆን የሰማይ ጣራ ቢደፋ ይሻላል።

እዚህም አዲስ ነገር አለ። ከተማችን ትንሽ ራዲዮ ከፍታለች፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን። ዜናውን የምትሰበስበውም የምታነበውም አንዲት ሴት ናት። ድምፅዋ ስለሚያስተጋባ ሰው «ደወል» ይላታል። የዜናው አለቃ ሲመረጥ የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ተናንቀው፣ በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ ሽማግሌ ሾሙ። ቆራጥ ሰው ነው ይባላል። መልኩም ደህና ነው።

ያን መሳቢያ ያልሽውን ነገር ወድጄዋለሁ። ፍራሽ ሻጩ ስላልገባው ነው እንጂ ጥሩ ሥራ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት ሲጻፍ ስንት ገጽ ይሆናል? ማን ይጽፈዋል? ደግሞ የዜና አለቃ የሚባል ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል? ለእኔ አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው ይጠይቃል። ከላክሽ ልብስ አትላኪ፤ የዜና ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ ላኪልኝ፣ ፊደሉ ተለቅ ያለ።

ጥርጊያ መንገድ ይስጥሽ።

የእናትሽ ወንድም


ታኅሣሥ 1

ለውድ አጎቴ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ወገብዎና ጉልበትዎ ዕርቅ እንዲያወርዱ እመኛለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ደሜ በፈላበት ቀን ነበርና ምክርዎን ሳላላምጥ ዋጥኩት። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

የሆነውን ልንገርዎት። ፍራሹ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲገባ ደስ የሚል ነገር መስማት አለበት ብሎ ስለሚያምን፣ ከዛፍ ላይ ስለወረደች ድመት የሚናገረውን የመጀመሪያ ዜና አድርጉ አለን። ከሥሩ በማግስቱ በመላ ከተማው ውኃ እንደሚቋረጥ የሚናገር ዜና ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስቼ ቦታቸውን እቀያይራቸው ነበር። አሁን ግን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ድመቷ ተተረከች፣ ያወረዳት ሰው ተጠየቀ፣ ባለቤቷ አለቀሰች፣ ሰዓቱ አለቀ። ውኃው ሳይነገር ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ከተማው በሙሉ ባዶ ባልዲ ይዞ ሲራገም ዋለ። ባልደረቦቼ ሳቁ፣ ድምፅ ቀራጩማ እንባው ፈሰሰ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ቧንቧውን ስከፍት ነው ሳቁ የጠፋብኝ፤ ነገሩን እያወቅሁ ለራሴም ሳላጠራቅም ቀርቼ ነበር። ከታች የሚኖሩት ባልቴት በሬን አንኳኩተው፣ አንቺ ራዲዮ ቤት የምትሠሪ አልነበርሽም ወይ አሉኝ።

ለማንኛውም ቆርጫለሁ። ወረቀቱን በጥር መጨረሻ አስገባለሁ። እንዳሉት አፍንጫው ሥር።

ያ የሚያውቁት ሰው ለጠየቀው፦ የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የሚጽፈው ዜናውን የሚሠራው ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ባለታሪኩ ፈጽሞ አያየውም! ይህን አጥብቀው ይንገሩልኝ። አለቃ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል ለሚለው ደግሞ፣ የእኔን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁም። መጽሐፉን ልኬያለሁ። ሰውየው ግን ማን ነው? እርስዎ ስለ ሰው ይህን ያህል ሲጠይቁ አላውቅም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ጥር 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለቤትሽም፣ ለቧንቧሽም። ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። እጄን አሞኝ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ ነው።

ወረቀቱን ካላስገባሽ አታስገቢ። አስገብተሽ ከሆነም ሄደሽ አውጪው። ፍራሽ ሻጩ ሰው ነው። ምናልባት ይሞክር ይሆናል። ሰው ተሹሞ ሲያበቃ አላውቅም ብሎ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቀላል ነው።

ለምን ሐሳቤን እንደለወጥሁ አትጠይቂኝ። ሲሆን ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ። ያ የማውቀው ሰው፣ የራዲዮኑ አለቃ፣ ደወልን ጠርቶ የከተማውን ሽማግሌዎች ሁሉ ሕይወት ጽፈሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ አላት። እስከዚህ ደህና ነበር፤ ጎበዝ ናት፣ ቁጭ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ እያንዳንዱን ወረቀት ባለቤቱ ቤት ወስደሽ አስነብቢና አስፈርሚ አላት። አንቺ ባለታሪኩ አያየውም ያልሽውን ነግሬዋለሁ። እሱ ግን፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ቤት የሚሠራ ግንበኛ የት አለ፣ የሰው ሕይወት ከቤት ያንሳል ወይ ብሎ ደረቀ። በእውነት ለመናገር አሁንም ሐሳቡ ስሕተት ነው ብዬ አላምንም። ሰዎቹ ናቸው ያስቸገሩት።

መጀመሪያ የሄደችው ጡረተኛው ዳኛ ዘንድ ነው። ዳኛው «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» የሚለው ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሐኪሙ ለእናንተ ምን ነገራችሁ አሏት። ምንም ብትላቸው አላመኑም። ጋደም ብለው ኑዛዜ ጀመሩ። ልጆቻቸው ከያሉበት ተጠሩ። ወሬው ሲሰማ ልብስ ሰፊው ቀድሞ መጣ፤ የእኔስ የታለ አለ። የእሱን አንብቦ ሲያበቃ ከሥጋ ሻጩ አጥሮ ስላገኘው ተቆጣ። ሥጋ ሻጩ ደግሞ የልብስ ሰፊው ወረቀት ላይ «ደግ» የሚል ቃል አይቶ፣ እኔ ነኝ ደጉ፣ እሱ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ሰጥቶ አያውቅም አለ። በሦስተኛው ቀን ከራዲዮኑ በር እስከ መንገዱ ማዶ የሽማግሌ ሰልፍ ሆነ። ምርኩዝ፣ ሳል፣ ግልምጫ። ከመካከላቸው ሁለቱ ሰማንያ እንዳልሞላቸው እየማሉ ዕድሜያችን ይቀነስ ይላሉ፣ አንዱ ከስድሳ ወደ ሰማንያ ካላሳደጋችሁኝ ይላል።

ደወል አለቃውን አስቀድማ አስጠንቅቃው ነበር። አሁንም ይብቃን፣ የዛሬው ዜና እየቀረ ነው አለችው። ሰውየው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እዚህ አለቃው ማን ነው?» አላት። ተነሳች። ጆሮዋ ላይ የሚደረገውን ነገር አውልቃ፣ ገመዱን አጣጥፋ፣ እስክሪብቶዋን ከላዩ አስቀመጠች። አልጮኸች፣ አልተሳደበች። እስቲ እርስዎ ይሥሩት ብላ ሄደች። ቃሉ እኔ ለአንቺ የጻፍሁት ቃል ነው፤ ማን እንደነገራት እንጃ።

እሱም እልኸኛ አይደል፣ አንሼማ አልቀርም ብሎ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ። አዲስ መነጽር ነበረው። ማንበብ ያውቃል፣ ችኮላ ነው የማያውቀው። የመጀመሪያውን ዜና አንብቦ ሳይጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ከተማው በሙሉ አንድ መንገድ እንደተዘጋ ሰማ። የትኛው መንገድ እንደሆነ ለነገ አደረ።

አሁን ራዲዮኑ ሙዚቃ ብቻ ያጫውታል። ሰው በሰውየው በር ሲያልፍ ዜና እንደሚያነብ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ደወል ሌላ ከተማ ሥራ ጠይቃለች ይባላል፤ ከሄደች ያ ክፍል ይዘጋል፣ ሌላ እሷን የሚመስል የለም። እንግዲህ ንገሪኝ። አንቺ እሷን ብትሆኚ፣ አለቃሽ ምን ቢያደርግ ትመለሺለት ነበር? ይቅርታ መጠየቅ ሳይጨመርበት። ለዚያ ሰው ልነግረው ነው። ቶሎ ጻፊ።

ጉዞሽን ሁሉ ያቅናልሽ።

የእናትሽ ወንድም


ጥር 29

ለውድ አጎቴ፣ ለዜና ክፍል ኃላፊው፣

ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረስዎ። ዳኛው ተነሡ ወይ? ልብስ ሰፊውስ ስንት ገጽ ተጨመረለት?

አጎቴ፣ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። መልኩም ደህና ነው ሲሉ ነው የጠረጠርሁ፤ መነጽሩ ሲመጣማ ምን ቀረኝ። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ አንብቤ ስስቅ ድምፅ ቀራጩ ውኃ ይዞልኝ መጣ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንግዲህ ለእኛ ነው፤ እርስዎ ለእኔ ሲያማስሉልኝ የእርስዎ ድስት እያረረ ነበር።

ሳቄን ስጨርስ ግን ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ላስገባው የቆረጥሁት በዚያው ሳምንት ነው። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ፍራሹ ክፍል ስሄድ፣ እርስዎ መነጽርዎን አድርገው ማይክሮፎን ፊት ጉብ ብለው ታዩኝ። እኔ እዚያ ብኖር በእርስዎ ላይ ስቄ የምወጣ ነበርኩ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ወረቀቱን ላውጣ ወይስ አላውጣ ሳልወስን ቁጭ አልኩ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ከአፌ ወጣ። የዜናውን ቅደም ተከተል አይንኩ፣ እሱን እኔ እሠራዋለሁ፤ እየሠራሁ ግን እያንዳንዱን ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አጠገቤ ተቀምጠው ይጠይቁኝ፣ ካልሆነ ዛሬ እለቃለሁ አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና እፎይ አለ። ከመጣሁ ጀምሮ ስገባ ዝም ትላላችሁ፣ ስወጣ ትስቃላችሁ፤ እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ አለኝ። ቤት ሲገባ እህቱ እንዴት ዋልክ እንዳትለው በጓሮ በር እንደሚገባም ነገረኝ። ከዚያ፣ ታዲያ እኔ ምን ልሥራ አለ። ፍራሽ ሲሸጡ ምን ነበር የሚችሉት አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ የተናደደ ደንበኛ ሳላዳምጠው ከመደብሬ ወጥቶ አያውቅም አለኝ።

እኛ ቤት የተናደደ አድማጭ የሚደውልበት ስልክ አለ። ማንም ሊያነሳው አይወድም፤ ድምፅ ቀራጩ ትራስ ሥር ነው የሚደብቀው። ለፍራሹ ሰጠነው። አሁን ሰው እየተሳደበ ይደውላል፣ እያመሰገነ ይዘጋል። ከመካከሉ ደግሞ ዜና ያወጣል፦ የት ቧንቧ እንደፈነዳ፣ የት አውቶቡስ መምጣት እንደተወ። ትናንት ሦስት ዜና አምጥቶልኝ፣ የትኛው እንደሚቀድም ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለምን አለኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው፣ ሁለተኛው ይቅደም አለ፤ እኔ ግን አልቀየርሁም። አይማርም ማለቴ አይደለም፣ እስኪማር ድረስ አስተማሪው ነው የሚያልቀው። ወረቀቱን አልቀደድሁትም። ግን ዛሬ ቦርሳ ስቀይር እቤት ረስቼው መጣሁ።

ለጥያቄዎ፦ ወደ እሷ ይሂዱ። ሰው አይላኩ፣ እርስዎ ይሂዱ። ምን እንደምትፈልግ እኔ አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም፤ እሷ ታውቃለች። ይጠይቋት፣ ሲጠይቁም መልሱን እስክትጨርስ ዝም ይበሉ። ይህ ለእርስዎ ከይቅርታ የባሰ መሆኑን አውቃለሁ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


የካቲት 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

በደህና ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዳኛውም ተነሥተዋል፤ ኑዛዜውን ለማፍረስ ጠበቃ ይፈልጋሉ።

ያ ሰው እኔ ብሆንስ? የተሾምሁት ተመርጬ ነው። የራዲዮኑ ኮሚቴ እጁን ሲያወጣ እንጂ እኔ እጄን ሳወጣ ያየኝ የለም። ይህን ካልን ይበቃል።

ሄድኩ። በግቢዋ ልብስ ታሰጣለች። ስታየኝ ደህና ዋሉ አለች፣ ተቀመጡ አላለችም። ይቅርታ ልላት አስቤ ሳልል ቀረሁ። ስለዚህ ቅርጫቱን አነሳሁና የልብስ መቆንጠጫውን አንድ በአንድ አቀብላት ጀመር። እሷም ትቀበላለች። አንሶላው ሲያልቅ፣ ምን ብናደርግ ትመለሻለሽ አልኳት። አንቺ እንዳልሽው ዝም አልኩ።

አንድ ዜና እንዳላት ነገረችኝ። ባለ ወፍጮው፣ ለራዲዮኑ ማይክሮፎን የሰጠው ሀብታም፣ የወፍጮውን ሞተር ዘይት ሰው ውኃ በሚቀዳበት ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ከብት ታሟል፣ ልጆች ሆዳቸውን ታመዋል። ጤና ጣቢያው አረጋግጦላታል፣ ራሱንም ጠይቃዋለች፣ ሁሉንም በየመልኩ ጽፋዋለች። ከእኔ በፊት ኮሚቴው ዜናውን ሁለት ጊዜ አስቀርቶባታል። ቢነበብ ባለ ወፍጮው ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ሁሉም ይፈራዋል፣ እሷ ደግሞ እያነበበች በር መጠበቅ አትችልም። የምትመለሰው ይህ ዜና ሳይነካ ከተነበበ ብቻ ነው።

እኔ ስለ ዜና ምን አውቃለሁ አልኳት። እንዲህ ያልሁት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለካ ከይቅርታ የከበደኝ ይህ ኖሯል።

ዞር ብላ አየችኝ።

«ዜና አያውቁም» አለችኝ። «እምቢ ማለት ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም። እሱን ብቻ ይሥሩልኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። የሽማግሌዎቹን ወረቀት በሙሉ ሰብስቤ ለየባለቤቱ መለስሁ፤ ገና ናችሁ፣ ሂዱና ኑሩ አልኳቸው። ልብስ ሰፊው ተቀይሟል። ከዚያ ወንበሬን ከአለቃው ክፍል አውጥቼ ራዲዮኑ በር ላይ አደረግሁና ተቀመጥኩ። ዜናው እንደሚነበብ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ኖሮ ባለ ወፍጮው በመኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ይዟል። እንደምን አለህ የለም፣ ገለል በል አለኝ።

እምቢ አልኩት።

ማይክሮፎኑን የሰጠሁ እኔ ነኝ አለ። ሰጥተሃል አልኩት። አንተን እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጥሁህ የእኔ ድምፅ ነው አለ። ይህን አላውቅም ነበር፣ ትንሽ አመመኝ። ነገ ኮሚቴውን ሰብስቤ አስነሳሃለሁ አለ።

«ትችላለህ» አልኩት። «ከዜናው በኋላ።»

በእጁ ሊገፋኝ አሰበና ሰው ሲሰበሰብ አይቶ ተወው። እነዚያ ለሕይወት ታሪክ የተሰለፉት ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ፤ ሥጋ ሻጩ ጉልበቱን እያሸ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ልብስ ሰፊው ከሥጋ ሻጩ ላለማነስ በሌላው ጎኔ ቆመ። ባለ ወፍጮው ሦስታችንን አየን። በድምሩ ጥርሳችን ሃያ አይሞላም። ግን በሩ ጠባብ ነው።

ደወል ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ሞላው። የወንዙን ስም፣ የወፍጮውን ስም፣ ጤና ጣቢያው ያለውን፣ ባለ ወፍጮው ራሱ ሲጠየቅ የመለሰውን ሁሉ። የእሱን መልስ ስታነብ እንኳ አላጣመመችውም፤ እሱም አፉን ከፍቶ የራሱን ቃል ያዳምጥ ነበር። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ።

ኮሚቴው ለመጪው ሐሙስ ተጠርቷል። ሊያስነሱኝ ይችላሉ። የላይ ሠፈር ከአንተ ጋር ነኝ ይላል፣ የታች ሠፈር ያስባል። ብነሳም ልነሳ፤ ደወል ግን የሌላውን ከተማ ሥራ ትታዋለች፣ ይህን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ።

ስለ መልቀቂያሽ አልመክርሽም። አንድ ጊዜ መክሬሽ ወዲያው ለራሴ ደረሰኝ። ፍራሽ ሻጩን ግን ሰላም በይልኝ። ስልኩን እንዳይለቅ። በጓሮ በር መግባቱንም ይተው፣ በፊት ለፊት ይግባ፤ እህቱ ብትጠይቀው ዛሬ የማላውቀውን ጠየቅሁ ይበላት።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ምሽት የተነበበው ዜና ግማሹ አልገባኝም። የሐኪሙ ቃል ይበዛበታል። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩት፣ አንድም ቃል አልጎደለበትም።

ደጅሽ በሚያዳምጥ ሰው የተሞላ ይሁን።

የእናትሽ ወንድም፣
እስከ ሐሙስ ድረስ የዜና ክፍል ኃላፊ